የረሳ ወንበር

ሰፊው፦ ቆሟል ነው የምልህ።

መሐንዲሱ፦ ቆመ ማለት እኮ ዳነ ማለት ነው።

ሰፊው፦ ቆመ ማለት ተበላሸ ማለት ነው።

መሐንዲሱ፦ ጋሼ፣ ቀስ ብለን እንሂድ። በሩን ስትከፍት ወንበሩ በራሱ ጊዜ ወደ ፊት ይሄድ ነበር፣ አይደል?

ሰፊው፦ ይሄድ ነበር።

መሐንዲሱ፦ ሄዶም ሆድህን ከመሪው ጋር ያጣብቀው ነበር።

ሰፊው፦ ጥሩ አድርጎ።

መሐንዲሱ፦ አሁን አያጣብቅህም።

ሰፊው፦ አያጣብቀኝም።

መሐንዲሱ፦ [እጁን በጨርቅ እየጠረገ] እንግዲያ እንኳን ደስ ያለህ።

ሰፊው፦ እኔ የመጣሁት እንዲያጣብቀኝ ነው።

መሐንዲሱ የእውነት መሐንዲስ አልነበረም፤ የመኪና ኤሌክትሪክ ሠሪ ነው። ስሙን ያወጣለት ሰፈሩ ነው። የማንም መኪና ትምጣ፣ ገና ኮፈኗ ሳይከፈት እሱ ራሱ የፈበረካት ይመስል ማስረዳት ስለሚጀምር ነው። ሌላው ሠራተኛ እጅ የሰጠባቸው ያረጁ መኪኖች መጨረሻቸው የእሱ ጋራዥ ነው፤ መብራታቸው በራሱ የሚበራ፣ መስኮታቸው ወርዶ አልወጣም ያለ፣ ሰማዩ ጠርቶ ሳለ የዝናብ መጥረጊያቸው የሚወዛወዝ። ከሆዳቸው መዳፍ የምታህል ቦርድ አውጥቶ፣ በአጉሊ መነጽር ትክ ብሎ አይቶ፣ በጋለ ብረት ጫፍ ነካ አድርጎ ይመልሳታል። መኪናዋም አመሏን ትተዋለች። ሙያውስ አለው። የጎደለው ጆሮ ነው።

ልብስ ሰፊው ደግሞ ከጋራዡ ትንሽ ወረድ ብሎ ሱቅ ያለው ሰው ነው። በዕድሜ ስለሚበልጠው መሐንዲሱ «ጋሼ» ይለዋል፤ አብረው ብዙ ስለኖሩ ግን አንቱታው በመንገድ ላይ ቀርቷል። ግዙፍ ሰው ነው፤ በጠባብ በር ሲያልፍ መጀመሪያ ሆዱን፣ ከዚያ ራሱን ያስገባል። መኪናዋ የሚስቱ ነበረች። ሚስቱ አጭር፣ ቀጭን፣ ቀልጣፋ ሴት ነበረች፤ ካረፈች ዓመት አልሞላትም። መሐንዲሱም ቀብሯ ላይ ቆሞ አልቅሷል።

ከዚያ ወዲህ መኪናዋን የሚይዛት ልብስ ሰፊው ነው። ጠዋት በሩን ሲከፍት ወንበሩ እንደ ልማዱ ወደ ፊት ይሳባል፣ ከፍ ይላል፣ የጎን መስታወቱም አንገቱን ይደፋል። ልብስ ሰፊው እንደ ምንም ተሸጉጦ ይገባና፣ መሪው ሆዱ ላይ እንዳረፈ ትንሽ ይቀመጣል። ቀጥሎ ወንበሩን ወደ ኋላ ገፍቶ ወደ ሥራው ይሄዳል። ሰሞኑን ግን በሩን ቢከፍት ወንበሩ ከቦታው አልተነሳም። ለእሱ የሚበቃ ሰፊ ቦታ ለቆ ቁጭ ብሎ ጠበቀው። ለዚህ ነው በጠዋቱ ሱቁን እንኳ ሳይከፍት ጋራዡ በር ላይ የቆመው።

ሰፊው፦ እሷን ረስቷታል።

መሐንዲሱ፦ ማን ነው የረሳው?

ሰፊው፦ ወንበሩ።

መሐንዲሱ፦ ማንን?

ሰፊው፦ እሷን።

መሐንዲሱ፦ [መኪናዋን ዞሮ እያየ] ወንበር መኪናዋን እንዴት አድርጎ ይረሳታል? በብሎን ታስሮባት።

ሰፊው፦ መኪናዋን መች አልኩህ።

መሐንዲሱ፦ «እሷ» አላልክም?

ሰፊው፦ ብያለሁ። እሷ ራሷ ናት ወደ ፊት የምትመጣው።

መሐንዲሱ፦ መኪናዋ ወደ ፊት ትመጣለች? ጋሼ፣ ይሄ የወንበር ነገር አይደለማ። ይሄ የፍሬን ነው።

ሰፊው፦ [ረጅም ትንፋሽ አውጥቶ] እሷስ እንዴት ታናግርህ ነበር? አሁን ነው የገረመኝ።

መሐንዲሱ የሰውየው ነገር አሳዘነው። ኀዘን ጭንቅላቱን ነክቶታል ብሎ አሰበ። ስለዚህ ድምፁን ከፍ፣ ንግግሩን ዝግ አድርጎ፣ ጆሮው ለማይሰማ ሰው እንደሚያስረዱት አድርጎ ማስረዳት ጀመረ። ድሮ የመኪና ወንበር ብረትና ስፖንጅ ነበር አለ። አሁን ግን እያንዳንዱ ወንበር ሥር አንጎል ተቀምጧል፤ አንጎሉ ማን ስንት ወደ ፊት፣ ስንት ወደ ላይ እንደሚቀመጥ ይይዛል። መኪና ሲያረጅ ሙቀትና ርጥበት ይገባዋል፣ ብየዳው ይሰነጠቃል፣ ከዚያ በኋላ የያዘው ሁሉ ይበተንበታል። ልብስ ሰፊው በትዕግሥት ካዳመጠው በኋላ፣ አንጎሉ አንዱን ሰው ይዞ ሌላውን ብቻ ሊረሳ ይችላል ወይ ብሎ ጠየቀው። መሐንዲሱ ሳቀ። አንጎሉ ሰው የሚባል ነገር አያውቅም፣ የሚያውቀው ቁጥር ነው አለው። ልብስ ሰፊው ይሄኛው ግን ያውቃል ብሎ ድርቅ አለ።

የመኪናዋ በር ተከፈተ። እንዲህ ባሉት መኪኖች በር ላይ፣ ከመክፈቻው ጎን፣ ቁጥር የተጻፈባቸው መጫኛዎች አሉ። የመጀመሪያው ሲጫኑት ወንበሩ ለአንዱ ሰው ይስተካከላል፣ ሁለተኛው ሲጫኑት ለሌላው። በዚህኛው በር ላይ ግን የመጫኛዎቹ ቦታ በቁራጭ ቆዳ ተለጥፏል፤ ጠርዙ በደቃቅ፣ እኩል እኩል በሆነ ስፌት ዙሪያውን ተይዟል።

መሐንዲሱ፦ ይሄን ማነው የሰፋው?

ሰፊው፦ በዚህ ሰፈር ስንት ልብስ ሰፊ አለ?

መሐንዲሱ፦ ስፌቱስ ጥሩ ነው። ይልቅ ሁለተኛው ቁልፍ የት አለ?

ሰፊው፦ ቤት።

መሐንዲሱ፦ ቤት ምን ይሠራል?

ሰፊው፦ መሳቢያ ውስጥ አስቀምጬዋለሁ። ሞቶብኛል።

መሐንዲሱ፦ እንዴት ሞተ?

ሰፊው፦ ስጫነው ዝም አለኝ። ጠንከር አድርጌ ስጫነውም ዝም።

መሐንዲሱ፦ እና ዝም ስላለህ መሳቢያ ውስጥ ከተትከው።

ሰፊው፦ ልጥለው ኖሯል? የእሷ እኮ ነው። እንደውም አሁን ላምጣልህ፣ ቅርብ ነው።

መሐንዲሱ፦ አትድከም ጋሼ። የሞተ ቁልፍ ለምኔ ነው? ነገሩ ያለው አንጎሉ ጋ ነው፤ አንጎሉን ለኔ ተወው።

መሐንዲሱ በልቡ፣ ከመኪናዋ በር ላይ ቁልፍ ነቅሎ እንደ ጌጥ መሳቢያ ውስጥ የሚያስቀምጥ ሰው ካየሁማ ሁሉን አይቻለሁ አለ። በአፉ ግን አላለውም። ካቻቢቴውንና መፍቻውን አንስቶ ወንበሩ ሥር ተንበረከከ።

ወንበሩ በአንድ ጊዜ እሺ ብሎ አልወጣም። አንደኛው ብሎን ዝጎ ነበር፤ ሌላው ጭንቅላቱ ተበልቷል። መሐንዲሱ እየመታና እያባበለ ፈትቶ፣ ወንበሩን እንደ ታማሚ ታቅፎ አውጥቶ ካርቶን ላይ አጋደመው። ከሥሩ የነበረውን ጥቁር ሳጥን ከፈተ። ሰፊው አጠገቡ ባለ ባልዲ ላይ ተቀምጦ ነበር፤ መሐንዲሱ እያንዳንዱን ነገር በነካ ቁጥር፣ እሷ ያለችው እዚያ ጋ ነው ወይ እያለ ይጠይቀዋል። መሐንዲሱም መኪናዋ ያለችው ከውጭ ነው እያለ ይመልስለታል።

መሐንዲሱ፦ [በአጉሊ መነጽር እያየ] ይኸውልህ። አልነገርኩህም? ና፣ ተመልከት።

ሰፊው፦ [አንድ ዓይኑን ጨፍኖ] አየሁ። ስፌቱ ለቋል።

መሐንዲሱ፦ ስፌት አይደለም፣ ብየዳ ነው። ይቺ ፀጉር የምታህል ስንጥቅ ናት ወንበርህን ያስረሳችው።

ሰፊው፦ ይቺን የምታህል?

መሐንዲሱ፦ ይቺን ለማየት ነው የዘንድሮ ሰው ትምህርት ቤት የሚሄደው።

የጋለውን ብረት አስጠጋ። ቀጭን ጭስ ወጣ፣ ብየዳው እንደ ጤዛ አብረቀረቀና ረጋ። መሐንዲሱ ሥራውን ከሩቅም ከቅርብም አየው፤ ደስ አለው። ሳጥኑን ዘጋ፣ ወንበሩን ቦታው ላይ አኖረ፣ ሽቦውን ሰካ፣ ልብስ ሰፊው ጠዋት የሰጠውን ቁልፍ አዙሮ በሩን በኩራት ከፈተው።

ወንበሩ ንቅንቅ አላለም።

ዘጋው፤ ደግሞ ከፈተው። ፊውዙን አየ፣ ሽቦውን ነካካ፣ ባትሪውን ለካ። የመመርመሪያ ማሽኑን አምጥቶ ሰካ፤ ማሽኑም ወንበሩ አንድም ችግር የለበትም አለ። መሐንዲሱ ማሽኑን ተናደደበት። ልብስ ሰፊው፣ ወንበሩም ማሽኑም አንድ ዓይነት ቃል ከሰጡ ምናልባት እውነት ሊሆን ይችላል አለ። ይሄ አባባል መሐንዲሱን የባሰ አናደደው።

መሐንዲሱ፦ ገባኝ። አንጎሉ ጃጅቷል። አንድ መድኃኒት ብቻ ነው ያለው፤ የያዘውን ሁሉ አጥፍተን እንደ አዲስ ማስተማር።

ሰፊው፦ ምኑን ነው የምታስተምረው?

መሐንዲሱ፦ ልክህን።

ሰፊው፦ የኔንማ ያውቀዋል። ይኸው እንደ አልጋ ሰፍቶልኝ።

መሐንዲሱ፦ ታዲያ ሌላ የማንን ልክ ትፈልጋለህ?

[ማሽኑ ድምፅ ያሰማል። «ይጥፋ ወይ?» ብሎ ይጠይቃል። የመሐንዲሱ ጣት መልሱ ላይ ነው።]

ሰፊው፦ ቆይ። አንዴ ቆይ። አሁን ካጠፋኸው ተመልሶ ይመጣል?

መሐንዲሱ፦ የጠፋ ጠፋ።

ሰፊው፦ እንግዲያ ስማኝ። በእጄ ሞክሬው ነበር። ወደ ፊት አደረግኩት፣ ወደ ላይ አደረግኩት፣ ትንሽ መለስ አደረግኩት። አንዱም የእሷ አልሆነም። የሰፈሩን ሰው በሙሉ ልክ ወስጃለሁ፤ ያንተን ወገብ ዓይኔን ጨፍኜ እነግርሃለሁ። የእሷን አልወሰድኩም። ስፋልኝ ስትለኝ፣ ሰው ይቅደም አንቺማ ቤት ነሽ እያልኩ፣ ሄዳ የተሰፋ ትገዛ ነበር። ልኳን የሚያውቀው ያ ወንበር ብቻ ነው።

መሐንዲሱ ከጠዋት ጀምሮ «እሷ፣ እሷ» ሲባል የሰማው ሁሉ አንድ በአንድ ተመልሶ ጆሮው ገባ፤ መኪናዋን የመሰለው ሁሉ መኪናዋ አልነበረም። ያቺን አጭር ሴት አስታወሳት። መስኮቱን አውርዳ፣ ገና መኪናዋ ሳትቆም፣ አንተ ሰው ሳትሰማ ነው የምትጠግነው ትለው የነበረችውን። ጣቱን ከማሽኑ ላይ አነሳ። አፍሮ ነበር፤ እሱ ደግሞ ሲያፍር ሥራ ማዘዝ ይቀናዋል።

መሐንዲሱ፦ በል ጋሼ፣ ሳናጠፋ አንዴ ደግመን እንሞክረው። ቁልፉን አዙር።

ሰፊው፦ በዚህኛው?

መሐንዲሱ፦ በየትኛው ልታዞር ኖሯል?

ሰፊው፦ አይ፣ ይሄ የኔ ነው ብዬ ነው። የእሷ መሳቢያ ውስጥ ነው አልኩህ እኮ።

[መሐንዲሱ ማሽኑን ቀስ ብሎ መሬት ላይ ያስቀምጣል።]

መሐንዲሱ፦ መሳቢያ ውስጥ ያለው... የመኪና ቁልፍ ነው?

ሰፊው፦ ልብስ ሰፊ ስለሆንኩ የኮት ቁልፍ መሰለህ?

መሐንዲሱ፦ የበሩ መስሎኝ። እዚህ ጋ የሚሆነው፣ ቁጥር ያለበት።

ሰፊው፦ እሱንማ ድሮ ራሷ በጃንጥላ ወግታ ሰብራው ተጥሏል። ያኔ ነው የለጠፍኩት።

መሐንዲሱ፦ እና እስከ ሰሞኑ ድረስ መኪናዋን የምትከፍተው በእሷ ቁልፍ ነበር?

ሰፊው፦ ከቦርሳዋ ያገኘሁት እሱን ነው። ሲሞትብኝ ጊዜ የራሴን ፈልጌ አወጣሁ።

መሐንዲሱ፦ የሞተው መቼ ነው?

ሰፊው፦ ወንበሩ የቆመ ሰሞን።

መሐንዲሱ ልብስ ሰፊው ተቀምጦበት የነበረውን ባልዲ ስቦ ተቀመጠበት። በሙያ ዘመኑ አጭሩን ማብራሪያ ያኔ ሰጠ።

መሐንዲሱ፦ ወንበሩ ሰው አያይም፤ ቁልፍ ነው የሚያየው። የእሷን ስትይዝ እሷ መጣች ይላል፣ ያንተን ስትይዝ አንተ መጣህ ይላል። በቃ።

ሰፊው፦ ስለዚህ አልረሳትም።

መሐንዲሱ፦ አልረሳትም።

ሰፊው፦ ያ ስንጥቅስ?

መሐንዲሱ፦ ስንጥቁ ድሮም ነበረ። ከነስንጥቁ ይሠራ ነበር።

ሰፊው፦ እንዲህ ከሆነማ ደህናውን ፈትተህ፣ ደህና አድርገህ ገጠምከው።

መሐንዲሱ፦ እንደዚያ ማለት ይቻላል።

ሰፊው፦ ላምጣው ስልህ፣ አትድከም አልከኝ።

መሐንዲሱ፦ ለሰፈሩ እንዳትነግርብኝ።

ሰፊው፦ ለማን እነግራለሁ? ለእሷ ብቻ ነው የምነግራት።

በዚህኛው «እሷ» ላይ መሐንዲሱ የትኛዋ ናት ብሎ አልጠየቀም። ልብስ ሰፊው ወደ ቤቱ ሲሄድ ግን ከኋላው አየው፤ ያ ግዙፍ ሰው በእግረኛ መንገዱ ላይ ሊሮጥ ምንም አልቀረውም ነበር። መሐንዲሱም ወንበሩን ብሎን በብሎን ማሰር ያዘ። ይቸኩል ነበር፤ ሰውየው ሲመለስ ሁሉ ነገር እንዳልተነካ ሆኖ እንዲያገኘው ፈልጓል።

ቁልፉ መጣ። ጥቁር ነው፤ መጫኛው ላይ የነበረው ምልክት በአውራ ጣት ብዛት ጠፍቷል። መሐንዲሱ በጥፍሩ ሆዱን ከፍቶ ሳንቲም የምታህለውን ባትሪ አወጣና በአዲስ ተካት። ቁልፉን መልሶ ለልብስ ሰፊው ሰጠው። ይሄን አንተ ራስህ ነህ የምትጫነው አለው።

ልብስ ሰፊው ተጫነው። መብራቶቹ ብልጭ አሉ። በሩን ሲከፍት ከወንበሩ ሥር የቆየ፣ የተዳከመ የሞተር ድምፅ ተሰማ፤ ወንበሩ ዝግ ብሎ ወደ ፊት መጣ፣ ከፍ አለ፣ ትንሽ ጎበጥ አለና ቆመ። የጎን መስታወቱም አንገቱን ደፋ፤ ያቺ ሴት ስታቆም ጎማዋን ከመንገዱ ጠርዝ ጋር ስለምታጋጭ፣ ሁልጊዜ መሬት መሬቱን ነበር የምታየው።

ሰውየው መጀመሪያ ሆዱን፣ ከዚያ ራሱን አስገባ። ጉልበቶቹ ግራና ቀኝ ተከፍለው መሪውን አቀፉት። ዓይኑን ጨፈነ።

መሐንዲሱ፦ [በመስኮቱ ጎንበስ ብሎ] አጣበበህ እኮ። ትንሽ ወደ ኋላ ላድርግልህ?

ሰፊው፦ አታድርግ። እሷ አይደለችም ያጣበበችኝ። ቦታዋ ላይ የተቀመጥኩት እኔ ነኝ።

መሐንዲሱ ፊቱን አዞረ። ሰው ሲያለቅስ ማየት አይወድም፤ ሲያለቅስ መታየት ደግሞ የባሰ አይወድም። ዓይኑን ወደ መሬት ሲጥል ካርቶኑ ጠርዝ ላይ አንድ ነገር ሲያብለጨልጭ አየ። የጫማውን ክር የሚያስር ሰው መስሎ ጎንበስ አለና አንስቶ ጨበጠው።

ሰፊው፦ ምን አነሳህ?

መሐንዲሱ፦ ምንም።

ሰፊው፦ በእሷ መስታወት የሚታየው መሬቱ ነው። ምንድን ነው?

መሐንዲሱ፦ ቁልፍ ነው።

ሰፊው፦ የምን ቁልፍ?

[መሐንዲሱ መዳፉን ይከፍታል። ሰፊው በመስኮቱ አንገቱን አውጥቶ እንደ ጨርቅ ናሙና ይመረምረዋል።]

ሰፊው፦ ለኮት ይወፍራል፤ ለበር ያጥራል።

መሐንዲሱ፦ የወንበሩ ብሎን ነው፤ ስቸኩል ሳላስረው ቀርቷል። ውረድልኝ ጋሼ፣ አንዴ ልፍታው።

ሰፊው፦ [መሪውን በሁለት እጁ አቅፎ] ፍታው። እኔ ግን አልወርድም።